በስላይድ ላይ የሚነበብ ሚዛን

በመውለጃ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ሴቶችን ወደ ጤና ተቋም ከሚያመጧቸው ችግሮች መካከል የብልት ፈሳሽ መለወጥና መጥፎ ጠረን ማምጣት ጎልቶ የሚጠቀስ ሲሆን፣ ለዚህ ለውጥ በአብዛኛው ምክንያት የሚሆኑት ሦስት ሕመሞች ናቸው፤ እነርሱም ካንዲዳ በተባለ ፈንገስ የሚመጣው የሚያሳክክ ሕመም፣ ትሪኮሞናስ በተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣው የአባላዘር በሽታ፣ እንዲሁም የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ የሆነው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ናቸው። ሦስቱም በፈሳሽ ይገለጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንዲት ሴት ላይ በአንድነት ይገኛሉ፤ የሚታዘዘው መድኃኒትና ለትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ምክር ግን እንደ ሕመሙ ይለያያል። የታካሚዋ ቃልና የሐኪሙ ዐይን ብቻቸውን የማይበቁት፣ ጉዳዩም ወደ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ መሻገር የሚኖርበት እዚህ ላይ ነው።

ባክቴሪያል ቫጂኖሲስን ለመረዳት በቅድሚያ ጤናማው ሁኔታ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። የሴት ብልት ከተሕዋስያን የጸዳ ቦታ አይደለም፤ ይልቁንም ላክቶባሲለስ የተባሉ በትር መሰል ባክቴሪያዎች በብዛት የሰፈሩበት መኖሪያ ነው። ጀርመናዊው የማኅፀን ሐኪም አልበርት ዶደርላይን እነዚህን ባክቴሪያዎች በ1892 ገልጾ ከጻፈ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለረጅም ዘመን በስሙ ሲጠሩ ኖረዋል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልት ግድግዳ ሕዋሳት ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት እንዲይዙ ያደርጋል፤ ከዚያ ክምችት የሚገኘውን ስኳር ላክቶባሲለሶቹ እየተመገቡ ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ። ወተትን ወደ እርጎ የሚለውጠው፣ በእርሾ ለተቦካ ሊጥም ኩምጣጤ ከሚሰጡት አንዱ የሆነው አሲድ ይኸው ነው፤ ይሁን እንጂ በወተትና በሊጥ ውስጥ የሚሠሩት ዝርያዎች በብልት ውስጥ ከሚኖሩት የተለዩ በመሆናቸው፣ እርጎ መቀባት የጎደለውን ይተካል የሚለው አስተሳሰብ በዚህ መመሳሰል ላይ ሊደገፍ አይችልም። የአሲድነት መጠን የሚገለጸው ፒኤች በተባለ ከ0 እስከ 14 በሚደርስ መለኪያ ሲሆን፣ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ እየወረደ በሄደ ቁጥርም አሲዱ ይበረታል፤ ጤናማ የብልት ፈሳሽ በአብዛኛው ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎችም በዚህ ኮምጣጣ ስፍራ ሊበዙ አይችሉም።

ሕመሙ የሚጀምረው ይህ ሥርዓት ሲናጋ ነው። ላክቶባሲለሶቹ ሲመናመኑ ጋርድኔሬላ፣ ፕሪቮቴላ፣ ሞቢሉንከስና ሌሎች ኦክስጅን በሌለበት ወይም በጥቂቱ ባለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እጅግ ይበዛሉ። እነዚህ ተሕዋስያን ከውጭ እንደ ወራሪ የመጡ ብቻ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በጤናማ ሴቶችም ዘንድ በጥቂቱ ይገኛሉ። ስለዚህ የጨብጥ ምርመራ «ተሕዋሱ አለ ወይስ የለም» ለሚል ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ የባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ምርመራ ግን «ማን በዛ፣ ማንስ አነሰ» የሚለውን መመለስ አለበት። የምርመራው ታሪክም ሆነ ዛሬ የሚታዩት ስሕተቶቹ በአብዛኛው የዚህ ልዩነት ውጤቶች ናቸው።

በ1955 ሄርማን ጋርድነርና ቻርልስ ዱክስ የተባሉ የሂውስተን ቴክሳስ ተመራማሪዎች እስከዚያ ዘመን ምክንያቱ አይታወቅም ይባል ለነበረው የብልት ብግነት አንድ ባክቴሪያ ተጠያቂ ነው ብለው ሄሞፊለስ ቫጂናሊስ የሚል ስም ሰጡት። ሐሳባቸውን ለማረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ የተራባውን ባክቴሪያ በ13 ጤናማ ሴቶች ብልት ውስጥ ሲያስገቡ የታመመችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከታማሚ ሴቶች የተወሰደውን ፈሳሽ እንዳለ ለ15 ሴቶች ሲያስተላልፉ ግን 11ዱ ታመሙ። ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማይፈቅደው፣ ሊፈቅደውም የማይገባ ሙከራ ነበር፤ በሴቶች ገላ ላይ የተከፈለበት ይህ ውጤት ግን ተመራማሪዎቹ ካሰቡት በላይ ይናገር ነበር፤ አንዱ ባክቴሪያ ለብቻው ያላደረገውን ማኅበሩ በሙሉ አድርጎታልና። ባክቴሪያው ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ከ1980 ጀምሮ ጋርድኔሬላ ቫጂናሊስ ሲባል፣ ሕመሙ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚለውን ስም ያዘ። በስሙ መጨረሻ ያለው «ኦሲስ» ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ብግነትን የሚያመለክተው «አይቲስ» የቀረው በዚህ ሕመም የነጭ ደም ሕዋሳት መከማቸትና የግድግዳ መቅላት እምብዛም ስለማይታይ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ቢመስልም ዛሬም ይዘነጋል። ፈሳሽን በባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ ላይ ዘርቶ ባክቴሪያ ማራባት፣ ማለትም የካልቸር ምርመራ፣ ለብዙ ሕመሞች ትልቅ አገልግሎት ቢሰጥም ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ግን አሳሳች ነው፤ ጋርድኔሬላ ምንም ሕመም በሌለባቸው በርካታ ሴቶች ናሙና ላይም ይበቅላልና። «ጋርድኔሬላ ተገኝቷል» የሚል የውጤት ወረቀት ይዛ የወጣች ሴት መታመሟን የሚያረጋግጥ ነገር በእጇ የለም፤ እንደዚህ ባለ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ማዘዝም ጤናማ ሴትን ያለ ምክንያት ማከም ሊሆን ይችላል።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1983 ሲሆን፣ ሪቻርድ አምሰልና ባልደረቦቹ በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መርምረው እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን አራት መመዘኛዎች አወጡ። የመጀመሪያው ፈሳሹ ቀጭን፣ ወጥ የሆነና በብልት ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ወተት የተቀባ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ፒኤቹ ከ4.5 በላይ መሆኑ፤ ሦስተኛው ፈሳሹ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ የዓሣ ጠረን መስጠቱ፤ አራተኛው ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሥር ክሉ ሴል የሚባሉ ሕዋሳት መታየታቸው ነው። ከአራቱ ሦስቱ ከተሟሉ ሕመሙ አለ ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ በዐይን ብቻ የሚፈረደው የመጀመሪያው ከሁሉም ደካማው ሲሆን፣ የቀሩት ሦስቱ በሐኪሙ ክፍልና በላቦራቶሪው መካከል በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠናቀቁ ናቸው።

የፒኤች መለኪያው በቀለም ለውጥ የሚነበብ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ውጤቱ እውነተኛ የሚሆነው ግን ናሙናው ከብልት የጎን ግድግዳ ሲወሰድ ነው፤ የማኅፀን በር የሚያወጣው ንፋጭ በተፈጥሮው ወደ ገለልተኛ የሚቀርብ ስለሆነ፣ ከዚያ የተነካ ስዋብ (ናሙና መውሰጃው የጥጥ ዘንግ) ጤናማዋን ሴት ታማሚ ያስመስላታል። የወር አበባ ደምና የወንድ ዘር ፈሳሽም እንዲሁ ፒኤቹን ከፍ ያደርጉታል፤ ያረጡ ሴቶች ኤስትሮጅናቸው በመቀነሱ ምክንያት ሳይታመሙም ከፍ ያለ ፒኤች ሊኖራቸው ይችላል፤ ትሪኮሞናስም ቁጥሩን ከ4.5 በላይ ያወጣዋል። በዚህ ምክንያት ከፍ ያለ ፒኤች ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዝቅ ያለ ፒኤች ግን ብዙ ይናገራል፤ በትክክል በተወሰደ ናሙና ላይ ከ4.5 ያልበለጠ ቁጥር የታየ እንደሆነ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የመሆኑ ዕድል ይጠብና የሐኪሙ ሐሳብ ወደ ካንዲዳ ወይም ወደ ሌላ ምክንያት ያዘነብላል።

ስለ ጠረኑ መናገር ለብዙ ሴቶች ከሕመሙ የከፋ ነው። ጠረኑ የሚመጣው የበዙት ባክቴሪያዎች በሚያመነጯቸው አሚን የተባሉ ውሕዶች ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ትራይሜቲላሚን ውሎ ያደረ ዓሣን ጠረን የሚሰጠው ራሱ ንጥረ ነገር ነው፤ ፑትረሲንና ካዳቨሪን የተባሉትም ይጨመሩበታል። አሚኖች በአሲድ ውስጥ ተይዘው ይቆዩና አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ንጥረ ነገር፣ ሲያገኙ ወደ አየር ይለቀቃሉ፤ ስላይድ በተባለው የመስታወት ቁራጭ ላይ ባለው ፈሳሽ 10 በመቶ የሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሲጨመርበት ጠረኑ ወዲያውኑ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የዘር ፈሳሽም አልካሊ በመሆኑ ብዙዎች ጠረኑ ከግንኙነት በኋላ እንደሚብስ ይናገራሉ። ኬሚስትሪው ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ሴቲቱ ንጽሕናዋን እንዳልጠበቀች ተደርጋ መታየቷ፣ እርሷም ይህን አምና ውስጧን በሳሙና ደጋግማ መታጠቧ የሚያሳዝን ነው፤ የብልትን ውስጥ የማጠብ ልማድ ከሕመሙ ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ ስለታየ፣ መፍትሔ ይሆናል የተባለው ድርጊት ችግሩን የሚያራዝም ሊሆን ይችላልና።

አራተኛው መመዘኛ የላቦራቶሪ ባለሙያው የራሱ ነው። በስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የሚስማማ የጨው ውሃ፣ ይደረግና የናሙናው ስዋብ ተነክሮበት በስስ መሸፈኛ መስታወት ይከደናል። ባለሙያው በመጀመሪያ በዝቅተኛው ሌንስ ሜዳውን፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ የሚታየውን ክልል፣ ይቃኛል፤ ቀጥሎም 40 እጥፍ የሚያጎላውን ሌንስ አዙሮ ያተኩራል። ከብልት ግድግዳ የተላጡት ጤናማ ሕዋሳት ሰፋፊና ስሶች፣ ጠርዛቸውም በቢላ የተቆረጠ ያህል የጠራ ሆነው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ቀጥ ያሉ የላክቶባሲለስ በትሮች ተበትነው ይገኛሉ። በታመመችው ሴት ናሙና ላይ ግን በትሮቹ ይጠፉና ሕዋሳቱ ጤፍ የተነሰነሰባቸው ይመስል በጥቃቅን ባክቴሪያዎች ተሸፍነው ጠርዛቸው የት እንደሚያልቅ ለመለየት ያስቸግራል። ክሉ ሴል፣ በአማርኛ ፍንጭ ሰጪ ሕዋስ ሊባል የሚችለው፣ ይህ ነው፤ ከሚታዩት የግድግዳ ሕዋሳት ቢያንስ 20 በመቶው እንዲህ ሆነው ከተገኙ መመዘኛው ተሟልቷል ይባላል። በዚሁ ስላይድ ላይ ትሪኮሞናስ እየተወራጨ ሲዋኝ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ተሕዋስ ግን ናሙናው ሲቀዘቅዝና ጊዜ ሲያልፍ መንቀሳቀሱን ስለሚያቆም፣ ስላይዱ በወረፋ ተቀምጦ የቆየ እንደሆነ ሊያመልጥ ይችላል።

እርጥቡ ስላይድ ፈጣን ቢሆንም ወዲያውኑ ካልተነበበ ይበላሻል፤ ንባቡም በአንባቢው ልምድ ላይ እጅግ ይመረኮዛል። ለዚህ መልስ የሆነው የግራም ማቅለሚያ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ያሳወቀው ይህ ዘዴ ባክቴሪያዎችን እንደ ግንባቸው አሠራር በሁለት ቀለም የሚለይ ሲሆን፣ ስላይዱ በአየር ደርቆ ከተጣበቀ በኋላ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለው ሐምራዊ ቀለም ይፈስበታል፤ ቀጥሎ አዮዲን ቀለሙን ያስረዋል፤ አልኮል ወይም አሴቶን ለሰከንዶች ያህል ያጥበዋል፤ በመጨረሻም ሳፍራኒን የተባለው ቀይ ቀለም ይጨመራል። ላክቶባሲለስ ሐምራዊውን ይዞ ይቀራል፤ ፕሪቮቴላና መሰሎቹ ሐምራዊውን ለቀው ቀይ ይሆናሉ፤ ጋርድኔሬላ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ይዋልላል። የማጠቢያው እርምጃ የሥራው ስስ ቦታ ነው፤ አልኮሉ ጥቂት ሰከንዶች አልፎ ከቆየ ጤነኞቹ ላክቶባሲለሶች ሳይቀሩ ቀይ ይሆኑና የጤናማዋ ሴት ስላይድ የታማሚ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ የመቆጣጠሪያ ስላይዶችን ከታካሚዎች ስላይድ ጋር ጎን ለጎን ያቀልማል።

የቀለመውን ስላይድ ወደ ቁጥር የለወጠው በ1991 ሮበርት ኑጀንት፣ ማሪጄን ክሮንና ሻሮን ሂሊየር ያሳተሙት የነጥብ አሰጣጥ ነው። ባለሙያው ዘይት ጨምሮ በ1000 እጥፍ ጉልህነት በርካታ ሜዳዎችን ያያል፣ በየሜዳው ሦስት ዓይነት ቅርጾችንም ይቆጥራል። ለላክቶባሲለስ ነጥቡ በተገላቢጦሽ ይሰጣል፤ በአንድ ሜዳ ከ30 በላይ በትሮች ከታዩ 0፣ ምንም ካልታየ 4 ይሆናል። ጋርድኔሬላንና ባክቴሮይድስ የተባሉትን ባክቴሪያዎች ለሚመስሉ ጥቃቅን ቅርጾች ደግሞ ብዛቱ እየጨመረ በሄደ መጠን ከ0 እስከ 4፣ ሞቢሉንከስ ለተባሉት ቅስት መሰል በትሮች ከ0 እስከ 2 ይያዛል። ድምሩ ከ0 እስከ 3 ከሆነ ጤናማ፣ ከ7 እስከ 10 ከሆነ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ፣ ከ4 እስከ 6 ከሆነ መካከለኛ ይባላል። ለምሳሌ አንድም ላክቶባሲለስ በሌለበት (4)፣ ጥቃቅኑ ቅርጾች ከ30 በላይ በሆኑበት (4)፣ ቅስቶቹም ባልታዩበት (0) ስላይድ ድምሩ 8 ነው፤ በሌላው ስላይድ ላይ ላክቶባሲለሶቹ በሜዳ ከ1 እስከ 4 ቢሆኑ (2)፣ ጥቃቅኑ ከ5 እስከ 30 ቢሆኑ (3)፣ ቅስቶቹ ባይኖሩ (0) ድምሩ 5 ይሆናል። የዘዴው ትልቅ ብቃት የባክቴሪያዎቹን ምጥጥን መለካቱ ነው፤ የጠፋውንም የበዛውንም በአንድ ቁጥር ያገናኛልና። በምርምር ዓለም ዋናው ማነጻጸሪያ ሆኖ የቀጠለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መካከለኛው ውጤት ብዙ ሐኪሞችን ያስቸግራል፤ ሊያስቸግራቸውም ይገባል። ሥርዓቱ ከጤና ወደ ሕመም ወይም ከሕመም ወደ ጤና በመሻገር ላይ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል፣ 5 የሚል ቁጥር ብቻውን የመድኃኒት ማዘዣ ሊሆን አይችልም። 8 የሚል ቁጥርም ቢሆን ከሴቲቱ ስሜት ተነጥሎ መነበብ የለበትም። በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2004 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ራሳቸው የወሰዱት ናሙና በኑጀንት ነጥብ ሲመዘን 29.2 በመቶው ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የተገኘባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 84 በመቶው ምንም ምልክት አልተሰማንም ብለዋል። ምልክት የሌላቸውን ሁሉ መርምሮ ማከም ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም በ2020 ያለ ጊዜ የመውለድ ልዩ ስጋት የሌለባቸውን እርጉዞች ምልክት ሳይኖራቸው መመርመርን አልደገፈም።

በቅርብ ዓመታት የዘረመል ምርመራዎች ወደ ሥራ ገብተዋል። እነዚህ የብዙ ባክቴሪያዎችን ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ በአንድ ጊዜ አባዝተው ይለኩና የላክቶባሲለሶችን መጠን ከሌሎቹ ጋር በማነጻጸር በስሌት ብያኔ ይሰጣሉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ፈቃድ ያገኘው በ2016 ነበር። ትክክለኛነታቸው ከፍተኛ ነው፤ በአንባቢው ዐይን ላይም አይመረኮዙም፤ ሴቲቱ ራሷ በወሰደችው ስዋብም ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ምልክት ላላቸው ሴቶች ብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከስላይድና ከቀለም ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የዋጋው ጉዳይ ሐሳብን ወደ ኢትዮጵያ ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ላቦራቶሪ ለሌላቸው ተቋማት ያዘጋጀው ሲንድሮሚክ የተባለው አሠራር፣ ማለትም ምልክትን ብቻ አይቶ ሊያመጡት የሚችሉትን ተሕዋስያን በአንድነት ማከም፣ በኢትዮጵያ የጤና ተቋማትም ለፈሳሽ ችግር ሲሠራበት ቆይቷል። አሠራሩ ታካሚዋን በዚያው ቀን መድኃኒት አስይዞ የሚሸኝ በመሆኑ ያለው ዋጋ ሊናቅ አይገባም፤ ሆኖም የአባላዘር በሽታ ላልሆነ ወይም በአባላዘር በሽታነት ላልተረጋገጠ ፈሳሽ የጨብጥና የክላሚዲያ መድኃኒት ሲጨመርበት፣ ሴቲቱ ያላስፈለጋትን መድኃኒት ትውጣለች፤ ከዚህም የሚከብደው ባሏን ወይም ራሷን በጥርጣሬ እያየች ወደ ቤቷ መመለሷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ባወጣው መመሪያ ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ሕክምናው በምርመራ እንዲደገፍ መክሯል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባ አንድ ሀብት አለ። የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ ሲባል ለዓመታት ማይክሮስኮፕ ሲገለገሉ ኖረዋል፤ ስላይድ ማቅለምና በዘይት ሌንስ ሜዳ በሜዳ መቁጠር ለላቦራቶሪ ባለሙያዎቻቸው የዕለት ሥራ ነው። ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ በቀለመ ደም ውስጥ ጥቃቅን የወባ ጥገኛ ተሕዋስያንን ለይቶ የሚቆጥር ዐይን ላክቶባሲለስን ከጋርድኔሬላ ለመለየት የሚያስፈልገው አጭር ሥልጠናና የንባብ ቁጥጥር እንጂ አዲስ መሣሪያ አይደለም። ፒኤች ወረቀት፣ ኖርማል ሳላይን፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና የግራም ቀለሞች ተሟልተው መቅረባቸው ታካሚዋ በዚያው ቀን ትክክለኛ ስም ያለው መልስ እንድታገኝ ያስችላል።

መልሱ ትክክል መሆን ያለበት ሕመሙ ከጠረን ያለፈ መዘዝ ስላለው ጭምር ነው። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ያለ ጊዜ ከመውለድ ጋር ይያያዛል፤ በ2008 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንተናም ሕመሙ ያለባቸው ሴቶች በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸው በ60 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ዋነኛው ሕክምና ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት ነው፤ የተለመደው አወሳሰድ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀናት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ታካሚዎች በመጀመሪያ ይሻላቸዋል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ይመለሳል። የበርሊን ተመራማሪዎች በ2005 ከብልት ግድግዳ በወሰዱት ቅንጣት ላይ ባክቴሪያዎቹ ባዮፊልም በተባለ የተጣበቀ ንብርብር ውስጥ ተሸሽገው እንደሚኖሩ አሳይተዋል፤ መድኃኒት ሁሉንም የማያጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ምክንያት በ2025 ጎልቶ ወጣ፤ በአውስትራሊያ 164 ጥንዶችን ባሳተፈ ጥናት ሴቲቱ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ በ63 በመቶው ላይ ሲመለስ፣ ወንዱም በሚዋጥና በሚቀባ መድኃኒት አብሮ ሲታከም ቁጥሩ ወደ 35 በመቶ ወረደ። ልዩነቱ ከመጉላቱ የተነሣ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ አስቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል።

ሕመሙ የተመለሰ በመሰለ ጊዜ ያው መድኃኒት በግምት መደጋገሙ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከሜትሮኒዳዞል በኋላ የሚመጣ አዲስ ፈሳሽ ካንዲዳ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለተኛው ምርመራ ከመጀመሪያው የማያንስ አስፈላጊነት አለው። በግራም የቀለመ ስላይድ በዚህ ረገድ አንድ ልዩ ጥቅም ይሰጣል፤ ደርቆ ከተጣበቀ በኋላ ማቀዝቀዣ ሳይፈልግ በሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ በፖስታ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላካል፣ በሁለተኛ አንባቢም ይታያል፤ የዚያችው ሴት የመጋቢት ስላይድ ከሰኔው ጎን ተቀምጦ ላክቶባሲለሶቿ መመለሳቸው ወይም አለመመለሳቸው በትር በበትር ሊቆጠር ይችላል።